የመምህሬ መኪና አልበርድ አለች

መጋቢት 6

ሙቀቱ ሰው ይጠብሳል። የጋራዡ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የተረሳ ካቻቢቴ ማንሳት ፍም መጨበጥ ነው። በዚህ ወቅት ሥራችን አንድ ብቻ ነው፦ ኤሲ። ብርዱን ሙሉ መኪናው ኤሲ እንዳለው የረሳ ሰው ሁሉ አሁን መስኮቱን ከፍቶ እያለከለከ ይመጣና "ዛሬውኑ ካልሠራህልኝ" ይላል።

ዛሬ ደግሞ መምህሬ መጡ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሳይንስ ያስተማሩኝ ናቸው። አንድ ቀን ባትሪና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይዘው ክፍል ገቡና ትንሽ አምፖል አበሩልን፤ እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆንኩት የዚያን ቀን ነው። ነጯ መኪናቸው አየር ትነፋለች እንጂ አታቀዘቅዝም። ባለቤታቸው እትዬ ሳንባቸው ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ሙቀት ሲበረታ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

"ለራሴ ቢሆን በጋዜጣ እያራገብኩ እነዳ ነበር" አሉኝ መምህሬ። "እሷን ግን እዚህ ምድጃ ውስጥ ማስቀመጥ አልቻልኩም።"

"ለእኔ ይተዉት" አልኳቸው።

ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር። ቀየርኩት፤ የኤሲው ኮምፕረሰር ጠቅ ብሎ ያዘ፤ ቅዝቃዜው መጣ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። እትዬ ከኋላ ወንበር ሆነው እጃቸውን ወደ አየሩ ዘረጉና "እፎይ፣ እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ይህን የምጽፈው የብልሽት መመዝገቢያዬ ጀርባ ላይ ነው። የደብተር ፋብሪካው ሰዎች መስመሩን እያጠበቡት መጥተዋል፤ ሁለት ሁለት መስመር እየያዝኩ ነው የምጽፈው።

መጋቢት 9

መምህሬ ተመለሱ። ፊውዙ ደግሞ ተቃጥሏል።

ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ። ፊውዝ ዝም ብሎ አይቃጠልም። የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ሲነካ፣ ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ፣ እሱ ቀድሞ ይሞትና ሽቦውን ያድናል። ይህን ለቀጩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቀጩ አብሮኝ የሚሠራው ሰው ነው፤ ቅጥነቱን አይቶ አንዱ አወጣለት፣ ዘጠኝ ዓመት በዚሁ ስም ጠራነው። "ምክንያቱን ሳይፈልጉ ፊውዝ መቀየር የሚያለቅስ ልጅ አፍ መድፈን ነው" እያልኩ ስንት ቀን ጮኼበታለሁ። የመምህሬን መኪና አፍ ራሴው ደፍኜ ሰደድኩ።

ከሰዓት በኋላ ሙሉ ኮፈኑ ሥር አጎንብሼ ሽቦውን ከፊውዝ ሳጥኑ እስከ ኮምፕረሰሩ ተከተልኩት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። የተላጠ ነገር አላየሁም። እዚያ ጥግ ብርሃን አይደርስም፤ ይህን ጋራዥ የሠራው ሰው መስኮት የሚባል ነገር አልሰማም መሰለኝ።

ቀጩ መጥቶ "ጋሼ፣ እስቲ ልይልህ?" አለኝ።

"እኔ ያላየሁትን አንተ ልታይ ነው?"

ወደ ሥራው ተመለሰ። የጠረጠርኩትን ቦታ ሁሉ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ አዲስ ፊውዝ ከትቼ ሰደድኳቸው። ዝንቡ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አላሠራ አለኝ።

መጋቢት 11

እራት ላይ ዝንቡን በእጄ ሳባርር ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የቱ ዝንብ?"

"ይኸው፣ እዚህ።"

"ቤት ውስጥ ዝንብ የለም" አለች።

በቀኝ ዓይኔ በኩል ነው የምትዞረው። ትንሽ ናት፣ ጥቁር ናት፣ ስትዞር አያታለሁ። የሚስቴ ዓይን ደክሞ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ የውሃውን ነገር አነሳች። ሌሊት ስንቴ እንደምነሳ ትቆጥራለች። በዚህ ሙቀት ውሃ የማይጠጣ ማን አለ? የጠጣ ደግሞ ይነሳል። "ተመርመር፤ ትንሽ ደም ነው የሚወስዱት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለች። ጮኽኩባት። ሳህኑን ገፍቼ ተነሳሁ።

ምን ልትል እንደፈለገች አውቃለሁ። እናቴ ስኳር ነበረባት። መጨረሻ ላይ ግድግዳ እየዳበሰች ነበር ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን የምትመጣው፤ እኔን የምትለየኝ በኮቴዬ ነበር። ግን እናቴ ሰባ አልፏት ነበር፤ እኔ ገና ሃምሳ አራቴ ነው። ደላላ ብሆን፣ ዘበኛ ብሆን አንድ ነገር ነው። ሽቦ የሚታወቀው በቀለሙ ነው። ዓይን የሌለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማን መኪናውን ይሰጠዋል? ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት እጄ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ሳስበው መጮህ አልነበረብኝም። ይቅርታ ልጠይቃት ገባሁ፤ ተኝታለች። የተኛች መሰለች።

መጋቢት 12

ጠዋት ልታረቃት ብዬ "ያንን አረንጓዴ ሻሽሽን እሰሪው፣ ያምርብሻል" አልኳት። ሻሹን ይዛ ቆየች።

"ይህ ሰማያዊ ነው" አለች።

ቆንጆ ነገር መናገር በዚህ ቤት አይቻልም።

መጋቢት 16

ሦስተኛ ጊዜ። ፊውዙ ሄዷል። መምህሬ ነገ ጠዋት እትዬን መውሰድ አለባቸው።

ኮምፕረሰሩን የሚያስነሳውን ሪሌ ቀየርኩ። እሱ አይደለም። የጋዙን ግፊት የሚጠብቀውን ማብሪያ ፈተሽኩ። ደህና ነው። ማሳውን፣ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰረውን የምድር ሽቦ፣ ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ አሰርኩ። ምንም።

ስድስት መኪና ቆሟል። የጋራዡ አለቃ ይጮኻል። መምህሬ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ገጹን ግን አይገልጡም።

ከሳጥኔ ሰማያዊውን ፊውዝ አውጥቼ ከተትኩ። ያዘ። ግማሽ ሰዓት አስነስቼ ጠበቅኩት። አልተቃጠለም!

ማሳው ነበር ማለት ነው።

መጋቢት 20

አራት ቀን ሆነው። መኪናዋ በረዶ ሆናለች አሉ። መምህሬ ለዚህ ብቻ መንገዳቸውን አጥፈው መጡና አለቃ ባለበት፣ ቀጩ ባለበት፣ ቀለም ቀቢዎቹ ሁሉ ባሉበት "ይህ እኮ የእኔ ተማሪ ነው" አሉ። አንገቴን ደፋሁ እንጂ ውስጤ እየጨፈረ ነበር። ሰው ስንት ዓመት ሞልቶትም መምህሩ ሲያመሰግኑት ሰባተኛ ክፍል ይገባል።

እትዬስ ብዬ ጠየቅኳቸው። "እንቅልፍ እየወሰዳት ነው መኪናው ውስጥ" አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

ቀጩ ብቻ አልሳቀም። ነጯን መኪና ሲያያት ቆየ። "ጋሼ፣ ጥፋቱ ምን ነበር በመጨረሻ?" አለኝ። ማሳው ነው አልኩት። "ማሳ ፊውዝ ያቃጥላል እንዴ?" አለ። ይህን ሁሉ ያስተማርኩት ለዚህ ነው?

መጋቢት 22

ከውሃ ታንከሩ ጀርባ እጄን ስታጠብ ሰማሁ። ቀጩና አለቃ ናቸው።

"እሱ የነካውን ሁሉ ሲሄድ ጠብቄ እደግመዋለሁ" ይላል ቀጩ። "ነጯን ግን ወዲያው ወሰዷት፣ አልደረስኩባትም።"

"ንገረዋ!"

"እኔ? ሰው ያደረገኝ እሱ ነው። በየትኛው አፌ?"

ምኑን ነው የሚነግረኝ? ምኑን ነው የሚደግመው? ገባኝ፤ ቦታዬን ነው የፈለገው። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይህ ነው። ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። "ምናልባት ሊረዳህ ይሆናል" አለች። ከማን ወገን እንደሆነች አላውቅም።

መጋቢት 25



ዛሬ ጠዋት መምህሬና እትዬ ሆስፒታል ሲሄዱ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሙ። መስኮት ዝግ ነው፣ ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። መምህሬ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታቸው። የሌላ መኪና ነው ብለው አለፉት። ከዚያ ጭሱ በአየር መውጫው በኩል እትዬ ፊት ላይ መጣ። ከኋላ የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር ነው በሩን ከፍቶ ተሸክሞ ያወጣቸው። ሆስፒታል አስተኝተዋቸዋል። ኦክስጅን ላይ ናቸው።

መኪናዋን ጎትተው አመጧት። ቀጩ ቀደመኝ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ፊውዙን በፒንሳ ነቀለ፣ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ፊውዙን ኪሱ ከተተው።

"ሽቦው አርጅቶ ነው ጋሼ" አለ።

"ፊውዙስ?"

"ፊውዙ ደህና ነው።"

ሽቦ ነድዶ ፊውዝ ደህና አይሆንም። አሳየኝ አላልኩትም። ለምን አላልኩትም?

የተላጠውንም ቦታ አገኘው። ኮምፕረሰሩ የታሰረበት ብረት ጋ ነው፣ መዳቡ ወጥቶ። "ያበራል እኮ" አለ ቀጩ፤ አለና አፉን ያዘ። የእኔ ናስትሮ ከዚያ ቦታ አንድ ስንዝር ወዲህ ነው የተጠቀለለው።

ማምሻውን መምህሬ ከሆስፒታል መጡ። ሸሚዛቸው ላይ ጥላሸት አለ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "አሮጊት መኪና ናት፣ ሰፈሩን ሁሉ ላቀዝቅዝ ብዬ አስጨነቅኳት። አንተ የምትችለውን አድርገሃል።" ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

እኔም ዝም አልኩ። አንገቴን ነቀነቅኩ እንኳ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም።

መጋቢት 26

ነው።

መጋቢት 27

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። የፊውዝ ሳጥኔን ቤት አምጥቼው ነበር። እኩለ ቀን ላይ መስኮቱን ከፍቼ፣ ጠረጴዛውን ብርሃኑ ላይ አስጠግቼ ለየሁ። እንዲህ ባለ ብርሃን የማያይ የለም። ፊውዝ ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ ያንን የጉንዳን ጽሕፈት ግን ማንም ባለሙያ አያነበውም፣ በቀለሙ ነው የምናውቀው። ሰማያዊው አሥራ አምስት አምፔር ነው፣ አረንጓዴው ሠላሳ። ሰማያዊዎቹን በአንድ ወገን ደረደርኩ። ሃያ ሦስት ሆኑ።

ሚስቴን ጠራኋት። "እነዚህ ሰማያዊ ናቸው አይደል?" አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች።  በአንድ ጣቷ አንዳንዱን እየገፋች ወደ ሌላ ጎን ወሰደች። አንድ። ሌላ። ሌላ። ቀስ ብላ ነበር፣ ጣቷ ባትደርስባቸው የምትወድ ትመስል ነበር። ስትጨርስ ዘጠኝ ፊውዝ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"እነዚህ አረንጓዴ ናቸው" አለች።

"እሺ።"

"እሺ ማለት ምን ማለት ነው?"

"እሺ ማለት እሺ ነው" አልኳትና ተነስቼ ወጣሁ። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

አሥራ አምስት በሚገባበት ቦታ ሠላሳ ከገባ፣ ሽቦው ሲነድ ፊውዙ ቁጭ ብሎ ያያል። የመኪናዋን በሽታ አላዳንኩም፤ ጠባቂዋን ነው ያነሳሁባት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያ ሽቦ እትዬ ፊት እየጋለ ነበር፣ እኔ ደግሞ እየተመሰገንኩ ነበር። ጭሱን ያስገባሁባቸው እኔ ነኝ። ጻፍኩት።

መጋቢት 28

ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ብርቱካን ገዝቼ ነበር፤ ይዤው ተመለስኩ።

ብናገር ነገ አለቃ መሣሪያዬን ያስረክበኛል፤ እውነቱን ነው። ባልናገር መምህሬ ሚስታቸውን ያሳመሙ እየመሰላቸው ይኖራሉ። ይህን እያወቅኩ ዛሬም ሁለት መኪና ሠራሁ። ቀጩ ከኋላዬ ሁለቱንም ሲከፍት አየሁት። አልተናገርኩትም። አንዱ መኪና አጠገብ ስንተላለፍ "አመሰግናለሁ" ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ፒንሳ አቀብለኝ አልኩት።

መጋቢት 30

ገባሁ ዛሬ።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። የእትዬ መስኮቱ ሥር ነው። አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አለ፤ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸውን ሰማሁ እንጂ ፊታቸውን ከብርሃኑ መለየት አልቻልኩም። መምህሬ አጠገባቸው ሆነው ብርቱካን ይልጣሉ። "ና፣ ና ግባ" አሉኝ፤ ወንበራቸውን ሊለቁልኝ ተነሱ። ያ ነገር ጨረሰኝ።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገረው አውቃለሁ። "መምህር፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የመኪናዋም አይደለም። አሥራ አምስት ፊውዝ በሚገባበት ሠላሳ የከተትኩ እኔ ነኝ። ቀለሙን አልለየሁትም። ዓይኔ አያይም።"

የመጨረሻዋን ነገር በአፌ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄን አላወቅኩትም።

የመምህሬ ቢላ ቆመ። እትዬ ናቸው የመለሱልኝ።

"እናውቃለን" አሉ።

"የፊውዙን?"

"የዓይንህን።" ትንፋሽ ወሰዱ። ለእያንዳንዷ ነገር ትንፋሽ ይወስዳሉ አሁን። "ያኔ፣ ሙቀቱ ሳይገባ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ፊት ለፊትህ ቆሜ ሰላም ብልህ፣ 'ማን ልበል?' አልከኝ። ከልጅነትህ ጀምሮ የማውቅህን እኔን። ከዚያ ወዲህ ልብ አልኩህ። የምታነበውን ወረቀት አፍንጫህ ላይ ነው የምትለጥፈው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ እኔ ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ታዲያ ለምን መኪናዋን ለእኔ አመጣችሁ?" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚዋ ዞረች።

መምህሬ ወለሉን አዩ። "ሌላ ሰው ጋ ብወስዳት ትሰማለህ" አሉ። "'መምህሬ እንኳ ከዱኝ' ትላለህ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ እሷ ሌላ ሰው ይየው ብላኝ ነበር። ኧረ ልጁን አላሳፍረውም አልኳት። ተማሪዬ ነህ፤ አታይም ብዬ እንዴት ልንገርህ?"

እትዬ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ሳሉ አላቆም አለ፤ መምህሬ ጀርባቸውን ደገፉ፣ እኔ እጄን የማስገባበት አጥቼ ቆምኩ። ሲተነፍሱ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር፤ ከድምፃቸው አወቅኩት።

"አንተ አላይም ለማለት አፈርክ" አሉኝ። "እሱ አታይም ለማለት አፈረ። መሀል ላይ ጭሱን የጠጣሁት እኔ ነኝ።"

  ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው፤ እትዬ ራሳቸውን ትራሱ ላይ አሳረፉ፣ ይሁን ይበሉ አይበሉ አላየሁም። መምህሬ እስከ በሩ ሸኙኝ። ኮሪደሩ ላይ፣ እትዬ ከእንግዲህ ያለ ኦክስጅን ቤት እንደማይገቡ ሐኪሙ መናገሩን ነገሩኝ። ደረጃው ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዙኝ። እስከ ዛሬ ሰው ደረጃ ላይ ክንዴን ሲይዘኝ እነጥቀው ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ። ቀጩ ባለበት ለአለቃ ነገርኩት፣ ሙሉውን። አለቃ መሣሪያዬን ለቀጩ እንዳስረክብ አዘዘኝና ፊቱን አዞረ። ቀጩ አለቀሰ። ዘጠኝ ዓመት ስጮህበት ያላለቀሰ ሰው።

ቤት ስገባ ሚስቴ ልብስ ታጥፋለች። ቆሜ ነገርኳት፤ ከእናቴ ጀምሬ፣ ከዝንቡ፣ ከፊውዙ።  ስጨርስ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ከልብሶቿ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ሰጠችኝ። ወደ ብርሃኑ ወሰድኩት፣ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፣ አራቅኩት። መለስኩላት።

"አንብቢልኝ።"

"የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ነው" አለች። "በስምህ የያዝኩልህ። ለመጋቢት አምስት ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትቆጣለህ ብዬ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ቀኑ አለፈ።"

መጋቢት አምስት። መምህሬ መኪናዋን ይዘው የመጡት በማግስቱ ነው።

አልተቆጣሁም። ቁጣዬ ከየት ይመጣል? ሁላችንም አንድ ነገር ነው የሠራነው። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ፈለግኩ፤ መጀመሪያ ያጠፈችውን ፎጣ ነው የያዝኩት፣ ከዚያ እጇን።

"ነገ ውሰጂኝ" አልኳት።